ጧፉ ወደ ፊደሉ ይያዝ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በዓል በቀረበ ቁጥር ስለ በግና ስለ ዶሮ፣ ስለ ቅቤና ስለ ሽንኩርት ዋጋ የምታወጡትን ዘገባ በየዓመቱ እከታተላለሁ፤ ለብዙ ቤት የሚጠቅም ሥራ ነውና እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ። ዛሬ ግን በዓሉ ራሱ ስለሚያከብረው ነገር የምጽፈው አለኝና ጥቂት ቦታ እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ። ያለነው በጾመ ነቢያት፣ ማለትም በገና ጾም ውስጥ፣ ከታኅሣሥ 14 እስከ 20 ባለው፣ ቤተ ክርስቲያናችን «ብርሃን» ብላ በሰየመችው ሰሞን ነው። ከእርሱ በፊት ያለው ስብከት፣ ከእርሱ በኋላ ያለው ኖላዊ ይባላል፤ ሦስቱም ነቢያት የመሲሑን መምጣት እየናፈቁ የጸለዩትን ጸሎት የምናስብባቸው ናቸው። በመካከለኛው ሰንበት የሚሰበከው ምስባክ፣ ከወንጌል በፊት በዜማ የሚባለው ጥቅስ፣ ከመዝሙረ ዳዊት 42 የተወሰደ ነው፦ «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ፤ እማንቱ ይምርሓኒ»፤ ብርሃንህንና እውነትህን ላክ፣ እነርሱ ይምሩኝ።

ይህን ምስባክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ «እነርሱ» የሚለውን ቃል ልብ ያልኩት በስተርጅና ነው። ዳዊት ብርሃንን ብቻውን አልለመነም፤ ብርሃንና እውነት ጥንድ ሆነው እንዲላኩለትና ሁለቱ እጁን ይዘው እንዲመሩት ለመነ። ስለ ብርሃን በየመድረኩ ብዙ እንናገራለን፣ ልጆቻችንን ብርሃኑና ብርሃኔ ብለን እንጠራለን፣ ስንመርቅ «ልቡናህን ያብራልህ» እንላለን፣ እመቤታችንን እመ ብርሃን ብለን እንማጸናለን። የእውነትን ነገር ግን ከብርሃኑ ነጥለን ሌላ ቦታ ያስቀመጥነው ይመስለኛል፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ይኸው ስጋት ነው።

ልጅ ሆኜ በጎጃም አንዲት የገጠር ደብር ከአብነት ተማሪዎች ጋር እያደርኩ ዳዊት ስማር፣ ሰዓታት የተባለው የሌሊት ጸሎት በሚቆምበት ጊዜ ለየኔታ ጧፍ የመያዝ ተራ ይደርሰኝ ነበር። ጧፉ የዛሬው የሱቅ ሻማ አይደለም። የሰፈሩ እናቶች ከጠጅ የተረፈውን ሰፈፍ አቅልጠው፣ አጣርተው ሰሙን ካወጡ በኋላ፣ የጥጥ ፈትል እየነከሩና በመዳፋቸው እያድቦለቦሉ የሚሠሩት፣ ሲነድ ማር ማር የሚሸት ቀጭን ጧፍ ነው። አንድ ሌሊት ብርዱ ጸንቶብኝ፣ ደበሎዬ ትከሻዬን እንጂ እጄን አልሸፍን ብሎኝ፣ እንቅልፉም እየጣለኝ፣ ጧፉን ሳላውቀው ቀስ በቀስ ወደ ፊቴ አስጠጋሁት። ሙቀቱ ደስ ይል ነበር። የኔታ ተአምረ ማርያም እያነበቡ ነው፤ በብራናው ላይ የጌታና የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም የተጻፈ ስለሆነ፣ ብርሃኑ ሲርቅ ከጥቁሩ ፊደል ቀድሞ የሚደበዝዘው ይኸው ቀዩ ነው። ንባባቸው ቀዩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከመጽሐፉ ሳያነሡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ያንተን ፊት አውቀዋለሁ፤ ፊደሉን አሳየኝ» አሉኝ።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ስለ ብርሃን የሰማሁትን ስብከትም ሆነ ያነበብኩትን ትርጓሜ ሁሉ የምለካው በዚህች ቃል ነው። ጧፍ የያዘ ልጅ ብርሃኑን ወደ ራሱ ሲያዞረው ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይደርሳል፦ የራሱ ዓይን ይንጸባረቅበትና አጠገቡ ያለውን አያይም፣ አንባቢው ይቸገራል፣ በዙሪያው የቆመው ሕዝብም ቃሉን ሳይሰማ ይቀራል። ጥፋቱ የአንድ ልጅ እጅ ጥቂት መዘንበል ነው፤ ጉዳቱ ግን የማኅበሩ ሁሉ ነው። ደግሞም ልብ በሉ፣ ቀድሞ የጠፋው የእግዚአብሔር ስም ነበር።

በቤተ ክርስቲያን መብራት ከመጽሐፍ ጋር ያለው ዝምድና ጥንታዊ ነው። በቅዳሴ ወንጌል ሲነበብ ፀሐይ ወጥታ፣ መስኮቱ ሁሉ በርቶ ሳለ እንኳ መብራት ይያዛል። ይህን ያልተረዱ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ይተቹት ነበር፤ ቅዱስ ጄሮም በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለእነዚህ ተቺዎች ሲመልስ፣ በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ወንጌል ሲነበብ ቀን ሆኖ ሳለ መብራት እንደሚበራ፣ ይህም ጨለማን ለማራቅ ሳይሆን ደስታን ለመግለጥ እንደሆነ ጽፏል። ስለዚህ አንድ ዲያቆን በቀትር ጧፍ ይዞ ከወንጌሉ ጎን ሲቆም፣ ሥራው ያንን መጽሐፍ ማመልከት ነው፤ ወደዚህ ተመልከቱ፣ የዓለም ብርሃን የሚናገረው ከዚህ ነው ማለቱ ነው።

ሊቃውንቱ ስለ ሥነ ፍጥረት የሚያስተምሩትን ደግሞ ጥቂት ሰፋ አድርጌ ላውሳ፤ ለዘመናችን የሚሆን ብዙ ነገር አለበትና። እግዚአብሔር በመጀመሪያው ቀን፣ በእሑድ፣ ስምንት ፍጥረታትን ፈጠረ፤ ሰባቱን በአርምሞ ከፈጠረ በኋላ ስምንተኛውን ብርሃንን ግን «ብርሃን ይሁን» ብሎ በቃል ፈጠረ። መላእክት ከብርሃን አስቀድመው በጨለማ ውስጥ ተፈጥረው ነበርና ፈጣሪያቸውን አላዩትም። ማን ፈጠረን፣ ከወዴት መጣን እያሉ እርስ በርስ ሲጠያየቁ፣ በክብር ከሁሉ በላይ የነበረው ሳጥናኤል ድምፁን ከፍ አድርጎ «እኔ ፈጠርኋችሁ» አለ። ግማሹ አመነ፣ ግማሹ ተጠራጠረ፣ ከተማቸው ታወከ። በዚህ ጊዜ ቅዱስ ገብርኤል «ንቁም በበህላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ» አለ፤ አምላካችንን እስክናገኘው ድረስ በያለንበት እንቁም ማለቱ ነው። ከዚህ በኋላ ብርሃን ተፈጠረ፤ መላእክትም በብርሃኑ ፈጣሪያቸውን አወቁ።

ይህ ትምህርት በልጅነቴ ታሪክ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ጨለማ ባለበት ቀድሞ ጮክ ብሎ የተናገረ ይሰማል፤ ማን እንደተናገረው፣ ከየት እንዳመጣው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ወሬው ሰው ያጣላል፣ መንደር ያፈናቅላል፣ በማግሥቱ ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ የሄደችው ነፍስ አትመለስም። የቅዱስ ገብርኤል ምክር እንግዲህ ለዚህ ጊዜ የሚሆን ነው፦ እስክታውቅ ድረስ ባለህበት ቁም፣ አትሩጥ፣ አትፍረድ፣ ለሌላው አታስተላልፍ። ታኅሣሥ 19 በቁልቢም በየደብሩም በዓሉን የምናከብርለት መልአክ፣ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣው ነው ብለን እንዘምራለን፤ መላእክትን በጨለማ ውስጥ ያጸናቸው እርሱ መሆኑን ግን ብዙዎቻችን ስናስበው አልሰማሁም። የጋዜጣ አዘጋጅ ደግሞ ከማንም ይልቅ ይህን ቃል በጠረጴዛው ላይ ቢያኖረው ደስ ይለኛል፤ ይህን የምለው ሥራችሁን በማክበር ነው።

በጸሎተ ሃይማኖት «ብርሃን ዘእምብርሃን» እንላለን። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን ለመመስከር ሲሹ፣ ሕዝብ ሁሉ የሚረዳውን የብርሃን ነገር አስገቡበት። መምህራኖቻችንም ምሥጢረ ሥላሴን በፀሐይ ይመስሉታል፤ ፀሐይ ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት አላት፣ ፀሐይነቷ ግን አንድ ነው ይላሉ። እኔ እንደ አንድ ምእመን ነገሩ ይበልጥ የሚገባኝ በትንሣኤ ሌሊት ነው። ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ብሎ ሲያበሥር፣ ከአንድ ጧፍ የተለኮሰ ብርሃን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እስከ ቅጥሩ ጥግ ይደርሳል። ያቀበለው ሰው ብርሃኑ አልጎደለበትም። የማያውቁት ሰው «እባክዎ ያቀብሉኝ» ብሎ ጧፉን ሲዘረጋ እምቢ የሚል ሰው በሕይወቴ አላየሁም። በዚያች ሌሊት ጎረቤታችን ማን እንደሆነ፣ ምን ቋንቋ እንደሚናገር፣ ባለፈው ዓመት ምን እንዳስቀየመን አንጠይቅም፤ ነፋስ እንዳያጠፋበት እጃችንን ከልለን እንለኩስለታለን። ይኸው ሰው ጠዋት በታክሲ ሰልፍ ላይ ሲያገኘን የምናሳየው ፊት ሌላ መሆኑ ነው የሚያሳዝነኝ። «በብርሃን አለሁ የሚል ወንድሙንም የሚጠላ እስከ አሁን በጨለማ አለ» የሚለውን የዮሐንስን መልእክት ለትርጓሜ የሚያስቸግር ቃል ነው የሚል ሰው አላጋጠመኝም፤ ቃሉ ግልጽ ነው፣ ያቃተን በቃሉ መኖሩ ነው።

ወደ ተራራው ስብከት ልምጣ። ጌታ «እናንተ የዓለም ብርሃን ናችሁ» ካለ በኋላ፣ መብራት አብርቶ ከዕንቅብ በታች የሚያኖረው የለም፣ በመቅረዝ ላይ ነው እንጂ፣ በቤት ላሉት ሁሉም ያበራል አለ። ይህን ቃል ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ሥራውን ለማሳየት ሲፈልግ ነው። ነገር ግን በዚያው ስብከት፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ምጽዋት ስትሰጥ ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ የሚል ትእዛዝ አለ። ሁለቱ የሚጋጩ መስለው ለብዙ ዓመት አስጨንቀውኛል። አንዱ በሰው ፊት ይብራ ይላል፣ ሌላው ሰውር ይላል። የየኔታን ቃል ሳስታውስ ግን ጥያቄው ተፈታልኝ፤ መልካሙ ሥራ የሚታየው ሰዎች «በሰማያት ያለውን አባታችሁን እንዲያከብሩ» ነው ይላልና፣ ፊደሉ አብ ነው፣ እኛ ጧፍ ያዦች ነን። ብርሃኑ ወደ ያዡ ፊት ከዞረ ሰጪው ይታያል፣ አባት ይደበዝዛል።

በዚህ ነገር ላይ በግልጽ ልናገር። በየበዓሉ ዋዜማ ዘይትና ዱቄት ለነዳያን ሲታደል፣ ተቀባዩዋ እናት ሻንጣውን ይዘው ወደ ካሜራ እንዲመለከቱ ሲነገራቸው አይቻለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ ሲያደርጉ፣ ስልክ የያዘው ወጣት በመልካም አንደበት «እማማ፣ ነጠላውን ዝቅ ያድርጉት፣ ብርሃኑ አልመታዎትም» አላቸው። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ለጋሾቹ ማስረጃ ይፈልጋሉ፣ እርሱም የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ነገር ግን የእኒያን እናት እጅ፣ ነጠላውን መልሳ ዝቅ ስታደርግ፣ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እንጀራህን ለተራበ ብትቆርስ፣ የተራቆተውን ብታለብስ «የዚያን ጊዜ ብርሃንህ እንደ ንጋት ይበራል» ይላል። ንጋት በማንም ፊት ላይ አይደገንም፤ ለሁሉም እኩል፣ ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳያሳፍር ነው የሚመጣው። ማስረጃ የሚያስፈልግ ከሆነ የዘይቱን ጀሪካን፣ የዱቄቱን ከረጢት፣ የተፈረመበትን ሰነድ ማንሣት ይበቃል።

ብርሃንን የራስ ማድረግ የግለሰብ ፈተና ብቻ አይደለም። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ከታየ ብርሃን ነው። ብርሃኑ የታየው ከደቂቀ እስጢፋኖስ፣ ማለትም ከአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ወገን የሆኑ ሰዎች በድንጋይ ተወግረው ከተገደሉ ከ38 ቀን በኋላ ነበርና፣ ንጉሡ በእነዚያ ሰዎች ላይ የተፈረደውን ፍርድ እግዚአብሔር እንደወደደላቸው ምልክት አድርገው ተቀበሉት፤ በቦታውም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለቤተ ክርስቲያን ያደረጉትን ታላቅ አገልግሎት አውቃለሁ፣ አከብራለሁም፤ የዚያን ዘመን ክርክር ለመፍረድም ከእኔ የተሻሉ ሊቃውንት አሉ። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ሰማይ ላይ ብርሃን የታየ እንደሆነ «ለእኔ ነው፣ ሥራዬን ወዶልኝ ነው» ለማለት የሰው ልብ ምን ያህል ይፈጥናል! ዛሬም አንዱ ወገን ሌላውን አሸንፎ ሲመለስ ብርሃን ወጣልን ይላል፣ የተሸነፈውም ጨለማ ወረደብን ይላል። ብርሃነከ ወጽድቀከ ብሎ የሚጸልይ ሰው ግን፣ ያየው ብርሃን እውነትን ይዞ መምጣቱን ሳይመረምር እጁን ለድል አያነሣም።

በልጅነቴ ያደግሁበት ጎጆ ግድግዳው ላይ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረችው። ጠዋት ፀሐይ በዚያች ቀዳዳ ስትገባ እንደ ዘንግ ቀጥ ብላ ወለሉ ላይ ታርፋለች፤ በዘንጓ ውስጥ አቧራው ሲጨፍር ይታያል። እናቴ አይታ «ወይ ጉድ፣ ቤቱ እንዲህ አቧራ ነው!» ብላ መጥረጊያ ታነሣለች እንጂ ቀዳዳዋን ለመድፈን ጭቃ ስታቦካ አላየኋትም። ይህን የማነሣው ከጡረታ በኋላ ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት ደብር በሰበካ ጉባኤ ሳገለግል የገጠመኝ ነገር ስላለ ነው። የሙዳየ ምጽዋቱ ገንዘብ ይቆጠር ነበር፣ ይመዘገብም ነበር፤ ነገር ግን ሒሳቡ በምእመናን ፊት ሳይነበብ ዓመቱ አለፈ። በስብሰባ ላይ ይነበብ ብዬ ብጠይቅ «የቤተ ክርስቲያንን ገመና አደባባይ አታውጣ» ተባልኩ። ሒሳቡ ጉድለት እንደነበረበት አላውቅም፤ ምናልባት አንድ ሳንቲም አልጎደለ ይሆናል። እኔን የሚከነክነኝ የራሴ ነገር ነው፤ ከዚያች ቀን በኋላ ዝም አልኩ። ሁለተኛ ሳልጠይቅ የአገልግሎት ዘመኔን ጨረስኩ። ብርሃን ሊገባባት የምትችለውን ቀዳዳ በዝምታዬ ደፈንኳት።

በዐቢይ ጾም ሰባተኛው ሰንበት የምናስበው ኒቆዲሞስ ወደ ጌታ የመጣው በሌሊት ነበር። ጌታም ለእርሱ ከነገረው ውስጥ «እውነትን የሚያደርግ ግን ሥራው በእግዚአብሔር ተደርጎ እንደ ሆነ ይገለጥ ዘንድ ወደ ብርሃን ይመጣል» የሚል ይገኛል። እዚህም እውነትና ብርሃን አብረው ናቸው፤ እውነት የሚታሰብ ወይም የሚነገር ብቻ ሳይሆን «የሚደረግ» ተብሏል። ኒቆዲሞስ ለዚህ ቃል ምን እንደመለሰ ወንጌሉ አይነግረንም። በዓርብ ዕለት ግን ሌሎቹ ደቀ መዛሙርት በተበተኑበት ሰዓት፣ መቶ ነጥር የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል አስይዞ በግልጽ መጣ። ይህ ያህል ሸክም ተደብቆ አይገባም። በሌሊት የመጣ ሰው በቀን ሊመጣ ይችላል የሚለው ተስፋ ለእንደ እኔ ዓይነቱ ዝምተኛ ትልቅ መጽናኛ ነው፤ ዘንድሮ ያን ጥያቄ በድጋሚ ለማንሣት ለደብሩ በጽሑፍ አመልክቻለሁ።

አንድ ልመና ላክል። በንግሥ ቀን በየቤተ ክርስቲያኑ በር በእስር በእስር የሚሸጠውን ጧፍ ገዝተን እንገባለን፤ ስለት ነው፣ ፍቅር ነው፣ የማንንም ጧፍ አልንቅም። መበለቷ በመጨረሻ ሳንቲሟ የገዛቻት አንዲት ጧፍ በእግዚአብሔር ፊት ምን እንደምትመዝን እኔ አልፈርድም። ነገር ግን ቦታ ስለሚጠብ፣ የአንዱ ሰው ጧፍ ግማሽ እንኳ ሳይነድ ጠፍቶ የሌላው ይተካል፤ ማታ የተጠራቀመው ቁራጭ በጆንያ ይወጣል። በዚያው ሰዓት የቆሎ ተማሪው ጎጆ ጨለማ ነው። የቀን ትምህርቱን በሌሊት ካልከለሰ በማግሥቱ ከየኔታ ፊት ሲቀርብ ያፍራል፤ ለመከለስ ደግሞ መብራት ያስፈልገዋል። ከአንድ እስር ጧፍ ግማሹን ለመቅደሱ፣ ግማሹን ለተማሪው ብንሰጥ፣ አቅም ያለው ደግሞ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አንድ ትንሽ መብራት ገዝቶ ለአንድ የአብነት ትምህርት ቤት ቢልክ፣ የስለታችን ብርሃን ሌሊቱን ሙሉ ፊደል ላይ ያርፋል። ስለ ስለታቸው ካህናትን የሚጠይቁ ሰዎችም ይህን እንዲመክሯቸው የደብር አስተዳዳሪዎችን በትሕትና እጠይቃለሁ።

እኔ የምኖረው በአዲስ አበባ በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መብራት ሲሄድ ደረጃው ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል፤ ልጆች ግድግዳ እየዳሰሱ ይወጣሉ፣ እንደ እኔ ያሉት ደግሞ የደረጃውን ድጋፍ ይዘው አንድ አንድ እያሉ ይቆጥራሉ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። መብራት በሄደ ቁጥር በራቸውን ከፍተው፣ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ያቆሟትን አንዲት ሻማ ለኩሰው፣ በደረጃው መዞሪያ ካለው መስኮት ሥር ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ተመልሰው በራቸውን ይዘጋሉ። ከበራቸው ሥር የሚወጣ ብርሃን አይቼ አላውቅም። አንድ ማታ ስወጣ ሻማዋን ሲያስተካክሉ አገኘኋቸውና፣ «እማማ፣ ለቤትዎ ሳያበሩ ለእኛ ነው እንዴ የሚያበሩት?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እኔማ ቤቴን በዳሰሳ አውቀዋለሁ፤ ይኼ ደረጃ ነው ሰው የሚጥል» አሉኝ።

ትናንት ማታም መብራት ሄዶ ነበር። ከሠርክ ጸሎት ስመለስ ሻማዋ በቦታዋ ነበረች፤ ከመዞሪያው በላይ ሦስተኛዋ እርከን ጫፏ መሸረፉን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ፣ አልፌያትም ወጣሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ